ከመንኮራኩር ወደ ጎማ፦ የተሽከርካሪ እግር ስያሜዎች ታሪክና የጋራዥ ምርመራ ቃላት

«ጎማ» የሚለው ቃል ዛሬ በአማርኛ ሁለት ነገሮችን ይሰይማል። አንደኛው አየር የሚሞላውና መሬት የሚነካው ጥቁር ክፍል ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ይኸው ክፍል ከቸርኬውና ቸርኬው ከሚታሰርበት ብረት ጋር ሆኖ ባንድነት የሚሽከረከረው አካል ነው። በዕለት ንግግር ይህ ድርብነት ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። አንድ የጥገና መጽሐፍ ሲተረጐም ግን ነገሩ የገንዘብ፣ አልፎም የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ፒክአፑ ወደ ግራ እየሳበ ያስቸገረው ሰው «የጎማ ችግር ነው» ቢባል አዲስ ጎማ ገዝቶ ያስገጥማል፤ ጥፋቱ ያለው በሁለተኛው ጎማ፣ ማለትም በጠቅላላው አካል አቋቋም ላይ ከሆነ፣ አዲሱም እንደ አሮጌው በአንድ ወገን ተበልቶ ያልቃል። በዚህ ጽሑፍ ድርብነቱ ከየት እንደ መጣ እንመረምራለን፤ መፍትሔውም ከቋንቋው ውስጥ እንደሚገኝ ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አማርኛ ለዚህ አካል ስም አጥቶ አያውቅም። ከግዕዙ «አንኰርኰረ» የወጣው «መንኰራኵር» ለመጽሐፍ አንባቢ ሁሉ የታወቀ ቃል ነበር፤ የትንቢተ ሕዝቅኤልን ራእይ በአማርኛ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ቃሉ እንጂ ነገሩ በአገር ውስጥ አልነበረም ለማለት ይቻላል። በጣና ዙሪያ እህልና እንጨት የሚጓጓዘው በሰው ትከሻ፣ በአህያና በበቅሎ ጀርባ፣ በውሃም ላይ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነበር። ስለዚህ «መንኰራኵር» የመጽሐፍ ቃል ሆኖ ኖረ፤ ነገሩ ራሱ በመጣ ጊዜም ቃሉ ከመጽሐፉ ወርዶ አልተቀበለውም። ኋላም የሰው ልጅ ወደ ጠፈር መውጣት ሲጀምር ጋዜጠኞች «የጠፈር መንኰራኵር» ብለው አነሡት። ምድር ላይ ሳይሽከረከር ሰማይ የወጣ ቃል ነው፤ ዛሬ ወደ ጋራዥ እንመልስህ ቢሉት የሚሰማ አይመስለንም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዝያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ተሽከርካሪ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። «ባቡር» በዐረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን እህል ለሚፈጨው ሞተርም ያገለግል ነበር፤ ዛሬም በገጠር «ወፍጮ ባቡር» ሲባል ይሰማል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። ቀጥሎ ሥፍራውን የያዘው «መኪና» የሚለው ቃል ለስፌቱም ለጽሕፈቱም መሣሪያ የሚነገር ነው። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ከ«ተሽከረከረ» የተገኙት «ተሽከርካሪ»ና «አሽከርካሪ» በመንጃ ፈቃድና በትራፊክ ደንብ በኩል ገብተው ጸኑ። ሆኖም በአፍ «ሾፌር» የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል አላባረሩትም።

ለጉዳያችን ዋናው ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የጣልያን ወረራ ነው። ሊማሊሞን አቋርጦ ጎንደርን ከአሥመራ ያገናኘው መንገድ የተሠራው በዚህ ጊዜ ነው፤ በመንገዱ ላይም የጭነት መኪናው፣ ሜካኒኩና የሜካኒኩ ቋንቋ አብረው መጡ። ጣልያን ከወጣ በኋላም የፊያት መኪኖች ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን ጭነት ስለ ተሸከሙ ቃላቱ አልተቋረጡም፤ ነባር ሾፌሮች ሲያነሡት የሚወዱት «ኤንትሬ» ራሱ የጣልያን ፊደልና የጣልያን ቍጥር ነው። የዚያን ጊዜ ረዳት የጌታውን መሣሪያ ስም በጆሮው ሰምቶ፣ በአፉ ለውጦ ለልጁ አወረሰ። «ቸርኬ»፣ «ኩሽኔታ»፣ «ባሌስትራ»፣ «ሞላ»፣ «ቴስቲና»፣ «ብሎን»፣ «ካምቢዮ»፣ «ፍሬቻ»፣ «ጋቢና» በዚህ መንገድ የገቡ ናቸው። ከእነዚህ መካከል «ሞላ» ዕድለኛ ነው፤ የአማርኛው ግሥ «ሞላ» ጠብቆ እንደሚነገር እሱም ጠብቆ ስለሚነገር፣ ባዕድነቱን የሚጠረጥር ተናጋሪ ጥቂት ነው።

«ጎማ» የመጣው ከዚሁ ጋር ነው። በጣልያንኛ ቃሉ መለጠጥ የሚችለውን ነገርና ከእሱ የተሠራውን የመኪና ክፍል ይሰይማል፤ ጠቅላላው ተሽከርካሪ አካል ግን በዚያ ቋንቋ ሌላ ስም አለው። ያ ሌላው ስም ወደ አማርኛ አልገባም። «መንኰራኵር»ም በመጽሐፍ ውስጥ ስለ ነበረ ባዶውን ሥፍራ «ጎማ» ብቻውን ሞላው። የድርብነቱ ምንጭ ይህ ነው።

ሁለተኛው ማዕበል በእንግሊዝኛ መጣ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በእርሻ መሣሪያ፣ በብረታ ብረት፣ በኤሌክትሪክና በሌሎችም ሙያዎች ወጣቶችን ሲያሠለጥን፣ በከተማው ያሉ ጋራዦች በጣልያንኛው ስም ይሠሩ ነበር። ቀጥሎም የጃፓን ፒክአፕ ከእንግሊዝኛ መመሪያው ጋር ገባ፤ «አላይመንት»፣ «ባላንስ»፣ «ቦል ጆይንት» የሚሉት ቃላትም ተከተሉ። የሁለቱን ማዕበል ጋብቻ ከ«ደብል ጋቢና» የበለጠ የሚያሳይ ቃል አናውቅም፤ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ጣልያንኛ ሲሆን ባለቤቱ ግን አማርኛ ነው።

እስካሁን የዘረዘርናቸው ስሞች ናቸው። ሜካኒኩ ሕመሙን ሲናገር ግን ግሡ ሁሉ አማርኛ ነው፤ የነገሩ ፍሬ ያለውም እዚህ ላይ ይመስለናል። መኪናው «ይስባል»፣ ጎማውን «ይበላል»፣ መሪው «ይንቀጠቀጣል»፣ ቴስቲናው «ላልቷል»፣ ባሌስትራው «ሸሽቷል» ይባላል። ከዚህም የተነሣ የምርመራውን ሥርዓት አንድም የውጭ ግሥ ሳይጨምሩ መጻፍ ይቻላል። አስቀድሞ የአየሩ ልክ ይታያል፤ መኻሉ ብቻ የተበላ ጎማ አየር በዝቶበታል፣ ሁለቱም ጠርዞቹ የተበሉበት አንሶታል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተበላ እግሩ ዘሟል። መዳፍ በጎማው ገጽ ላይ ሲሳብ በአንድ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ የሚይዝ ከሆነ፣ የፊት እግሮቹ ጐን ለጐን ቀጥ ብለው አይሄዱም፤ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ተንሻፈዋል። መኪናው የሚስብ ከሆነ ደግሞ የፊቱን ሁለት ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ግራ ቀኝ ማለዋወጥ ነው። ስበቱ አብሮ አቅጣጫውን ከለወጠ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ካልለወጠ ከጎማው በስተኋላ ያለውን መፈለግ ይገባል። ሜካኒኮች በዚህ ዘዴ፣ ቋንቋው ያልለያቸውን ሁለቱን «ጎማዎች» በእጃቸው ይለያሉ።

ከዚያ እግሩ በክሪክ ተነሥቶ ይወዘወዛል። እዚህ ላይ ተርጓሚዎች እንዲጠነቀቁ የምንፈልገው ነገር አለ። የእንግሊዝኛው መመሪያ እጅ የሚያርፍበትን ሥፍራ በሰዓት ገጽ ይገልጻል፤ «በ12 እና በ6 ሰዓት ላይ ይዘህ ወዝውዝ» ይላል። በእኛ አቈጣጠር 12 ሰዓት ሲሆን የሰዓቱ አጭር እጅ ታች፣ 6 ሰዓት ሲሆን ላይ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ስለ ሆኑ ቃል በቃል የተተረጐመው መመሪያ በአጋጣሚ ይሠራል፤ ላይና ታች ተቀያይረው ያው ይሆናሉ። 3ና 9ም እንዲሁ። መመሪያው «በ2 ሰዓት በኩል ያለውን ብሎን ፍታ» ባለ ጊዜ ግን የእኛ 2 ሰዓት በገጹ ላይ 8 ቍጥር ስለ ሆነ፣ አንባቢው ፊት ለፊት ያለውን ሌላ ብሎን ይፈታል። ስለዚህ «ከላይና ከታች»፣ «ከግራና ከቀኝ» ብሎ መጻፍ ይበጃል። ከላይና ከታች ሲወዘወዝ የሚንቀሳቀስ እግር የኩሽኔታ ወይም የቦል ጆይንት መላላት አለበት፤ ረዳቱ ፍሬን ሲይዝ መንቀሳቀሱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ከግራና ከቀኝ ሲወዘወዝ የሚታየው ብዙውን ጊዜ የቴስቲና መላላት ነው። እነዚህ ሳይጠገኑ አሰላለፉን በመሣሪያ መለካት ከንቱ ድካም ነው፤ የላላ ነገር ልኩን አይጠብቅምና።

የፒክአፕ ልዩ ችግር በስተኋላው ነው። የኋላው አክስል በሁለት ባሌስትራዎች ላይ ተጋድሞ በመኻል ብሎን ይጸናል። ከልክ በላይ ሲጫን ወይም ከጉድጓድ ሲላተም ብሎኑ ሊቈረጥ፣ አክስሉም በአንድ ወገን ወደ ኋላ ሊሸሽ ይችላል። ያን ጊዜ መኪናው በጐኑ ይሄዳል። በፎገራ ሜዳ በክረምት ዋልካ ላይ የሄደ እንደ ሆነ ዱካው ይመሰክራል፤ የኋላው ፈለግ ከፊተኛው ፈለግ ወጣ ብሎ ይታያል። በደረቅ ወለል ላይ ደግሞ ከፊት እግር መኻል እስከ ኋላ እግር መኻል በግራም በቀኝም ተለክቶ ይነጻጸራል።

ታዲያ «አክስል» በአማርኛ ምን ይባል? ብዙ ተርጓሚዎች «ዘንግ» ይላሉ። «ዘንግ» ግን ለሚሽከረከረውም ለማይሽከረከረውም፣ ለረጅሙም ለአጭሩም ብረት ሁሉ ስለሚነገር አይለይም። የመልክዐ ምድር መጻሕፍት መሬት «በዛቢያዋ» ትዞራለች ሲሉ የመጥረቢያን እጀታ ስም ለማይታየው መስመር መስጠታቸው የሚመሰገን ነው፤ «ዛቢያ» ለሐሳባዊው መስመር ይቈይ። ለአክስሉ እኛ በበኩላችን «ቀንበር» የሚለው ቢታሰብበት እንወዳለን። ሁለት በሬዎችን አግድም እንደሚያጣምር ሁለት እግሮችን አግድም ያጣምራል፤ ምራኑ የላላ ቀንበር ሲሸሽ ትልሙ እንደሚጣመም፣ የመኻል ብሎኑ የተቈረጠ አክስልም መንገዱን ያጣምማል። ቀንበር ይጐትታል እንጂ አይሸከምም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ተቃውሞው ቀላል አይደለም።

ለጠቅላላው ተሽከርካሪ አካል ግን አዲስ ቃል መፈለግ አያስፈልግም። ሕዝቡም የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም የባሕር ዳርን ጎዳናዎች የሞላውን ባጃጅ «ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ» ይሉታል። እግሩ ካለ ጎማው ጫማ ነው ማለት ነው። ጫማ በአንድ ወገን ሲያልቅ «ተንሻፈፈ» የምንለው የእግሩ አረጋገጥ ስላልቀና ነው፤ እንግሊዝኛውም ለዚሁ ልክ ስሙን የወሰደው ከእግር ጣት ነው። «የእግር አሰላለፍ» ቢባል ባለ መኪናው ጎማ ሊገዛ አይሮጥም።

አንድ ከባድ ችግር ይቀራል። «ዘመመ»፣ «ተንሻፈፈ»፣ «ሸሸ» ሁሉም የጥፋት ግሦች ናቸው። መሐንዲሱ ግን እግሩ በጥቂቱ እንዲዘም፣ ፊቱም በጥቂቱ ወደ ውስጥ እንዲጠብ አስቦ ሊሠራው ይችላል፤ ይህ ልክ እንጂ ሕመም አይደለም። «ግፊት አለብኝ»፣ «ስኳር አለበት» ስንል ሁሉም ሰው በጤናው ያለው ነገር የበሽታ ስም ሆኖ እንደ ቀረ፣ «ዝመት አለው» የተባለ ሜካኒክም ልኩን አጥፍቶ እግሩን ቀጥ አድርጎ ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ ግሡ ለሕመሙ ይቅር፤ ለመጠኑ «ልክ» የሚል ይጨመርበት፦ «የዝመት ልክ»፣ «የፊት ጥበት ልክ»። «ዝማሜ» የማሕሌት ቃል ስለ ሆነ ለዚህ እንዲውል አንመክርም። ብስክሌተኛ እጁን ለቆ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያስችለውን፣ የመሪው ዛቢያ ወደ ኋላ ማዘንበሉን ደግሞ «የመሪ ዛቢያ ዝንባሌ» ማለት ይቻላል፤ «ዝንባሌ» በሥነ ልቡናም ቢሠራበት «ዛቢያ» ከጎኑ ሳለ አያደናግርም።

የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ብዙ ቃላት በመጽሐፍ ተቀምጠው ጋራዥ ሳይገቡ ቀርተዋል። ወደፊት ለሚዘጋጅ መዝገብ የ«ጎማ» ፍቺ እንዲህ ቢጻፍ እንላለን፦ «ጎማ፤ ስም፤ ከጣልያንኛ። ፩. በተሽከርካሪ እግር ላይ የሚጠለቅ፣ አየር የሚሞላ ክፍል። ፪. በንግግር፦ ጠቅላላው የተሽከርካሪ እግር፤ በጥገና ጽሑፍ ለዚህ ‹እግር› ይመረጣል።»