የምርጫ ወሰንና የታስኪጊ ከተማ ታሪክ

በባላገሩ ዘንድ ድንበር ገፊ ከሚባለው ሰው የበለጠ የሚጠላ የለም። በሌሊት ተነሥቶ የድንበሩን ድንጋይ አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎረቤቱ የሚያዛውር ሰው ጠብን ለልጅ ልጅ እንደሚያወርስ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን በእርሻ ላይ ሳይሆን በሕዝብ ድምፅ ላይ ስለሚገፋ ድንበር ነው። ይህኛው ድንበር ገፊ በሌሊት አይመጣም፤ በጠራራ ፀሐይ፥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፥ ካርታ ዘርግቶ፥ እርሳስና ማስመሪያ ይዞ ይሠራል። ታሪኩ የአሜሪካን አገር ታሪክ ስለሆነ ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

በ1812 ዓ.ም. የማሳቹሴትስ ገዢ የነበረው ኤልብሪጅ ጌሪ አንድ ሕግ ፈረመ። ሕጉ የግዛቱን የምርጫ ክልሎች ለጌሪ ፓርቲ በሚመች መንገድ የሚከፋፍል ነበር። ከክልሎቹ አንዱ እጅግ የተጣመመ ስለነበር አንድ የቦስተን ጋዜጣ ጥፍርና ክንፍ ጨምሮ፥ ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሰል እንስሳ አስመስሎ ሣለውና የገዢውን ስም ከእንስሳው ስም ጋር አዳቅሎ «ጌሪማንደር» አለው። ቃሉም እስከ ዛሬ የዚህ ተንኰል መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በዚያ ዓመት በተደረገው ምርጫ የጌሪ ፓርቲ ከተቃዋሚው ያነሰ ድምፅ ቢያገኝም ከ40ዎቹ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት መቀመጫዎች 29ኙን ወሰደ። ጌሪ ራሱ ግን የገዢነቱን ሥልጣን በዚያው ዓመት አጣ፤ የገዢው ምርጫ በመላው ግዛት የሚደረግ ስለሆነ በክልል ወሰን ሊጣመም አልቻለምና።

አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ሥራ ምሥጢር ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ይበቃል። መቶ መራጮች አሉ እንበል። 60ዎቹ የአንዱ ፓርቲ፥ 40ዎቹ የሌላው ደጋፊዎች ናቸው፤ መቀመጫዎቹ አምስት፥ በየክልሉም 20 መራጮች አሉ። ብዙዎቹን በሁለት ክልሎች ውስጥ በየክልሉ 19፥ 19 አድርጋችሁ ብታጕሩአቸው የሚቀሩት 22 ብቻ ናቸው። እነዚህን በሦስቱ ክልሎች 7፥ 7ና 8 አድርጋችሁ ብትበትኑአቸው፥ ጥቂቶቹ 40 ሰዎች ሦስቱን መቀመጫ ይወስዳሉ። ማንም ሰው ድምፅ ከመስጠት አልተከለከለም፤ ቆጠራውም አልተጭበረበረም። ሥራው ሁሉ ያለቀው ምርጫው ከመደረጉ በፊት በካርታው ላይ ነው።

ይህ ተንኰል በፓርቲ መካከል ሲሆን ሥልጣንን መንጠቅ ነው። በዘር መካከል ሲሆን ግን አንድን ሕዝብ በገዛ አገሩ እንግዳ ማድረግ ነው። ለዚህም ከታስኪጊ ከተማ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ታስኪጊ በአላባማ ግዛት፥ በሜከን አውራጃ የምትገኝ ከተማ ናት። ቡከር ዋሽንግተን በ1881 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ስመ ጥሩ የጥቁሮች ትምህርት ቤት የሚገኘው በእርስዋ ነው። ለእኛም ስሟ እንግዳ አይደለም። በ1935 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ መጥቶ በአየር ኃይላችን ያገለገለው፥ በ1954 ዓ.ም.ም በአዲስ አበባ ሕይወቱ ያለፈው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የተማረው በዚሁ ትምህርት ቤት ነበር።

በ1950ዎቹ ዓመታት የሜከን አውራጃ ሕዝብ ከአምስት እጅ አራቱ ጥቁር ነበር። በከተማዋ መምህራንና ሐኪሞች ሞልተው ሳሉ፥ የምርጫ መዝጋቢዎቹ ጥቁሮችን በልዩ ልዩ ምክንያት ይመልሱአቸው ነበር። ይሁን እንጂ የትምህርት ቤቱ መምህር ቻርልስ ጎሚሊየንና ባልደረቦቹ ለብዙ ዓመታት ደክመው 400 ያህል ጥቁሮች የከተማው መራጮች እንዲሆኑ አደረጉ። ነጮቹ ሹማምንት ይህ ቍጥር እያደገ መሄዱን ባዩ ጊዜ ፈሩ። በ1957 ዓ.ም. የአላባማ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የከተማዋን ወሰን የሚለውጥ ሕግ ቁጥር 140ን አወጣ። አራት ማዕዘን የነበረችው ከተማ በአንድ ቀለም 28 ጎን ያላት ጠማማ ቅርጽ ሆነች። ትምህርት ቤቱ ራሱ ከከተማው ውጭ ቀረ። ከ400ዎቹ ጥቁር መራጮች አራት ወይም አምስት ብቻ ሲተርፉ፥ ከነጮቹ መራጮች ግን አንድም ሰው አልወጣም። ማንም ከቤቱ ሳይነሣ ከከተማው ተባረረ ማለት ነው።

የታስኪጊ ጥቁሮች ድንጋይ አልወረወሩም። የሚፈልጉትን ዕቃ ከወዳጆቻቸው ብቻ ሊገዙ ተስማሙ፤ የነጮቹም ሱቆች ገበያ አጡ። ከዚህም ጋር በከንቲባው በፊልፕ ላይትፉት ላይ ክስ መሠረቱ። ጠበቃቸው ወጣቱ ፍሬድ ግሬይ ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት የከተማን ወሰን መወሰን የግዛቱ ሥልጣን ነው ብሎ ክሱን ዘጋ፤ ይግባኝ ሰሚውም ይህንኑ አጸና። በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ የሥር ፍርዱን ሻሩ። ፍርዱን የጻፈው ዳኛ ፊሊክስ ፍራንክፈርተር ነበር። የነገሩም ፍሬ ይህ ነው፦ ግዛቱ ወሰን የመወሰን ሥልጣን ቢኖረውም፥ በ1870 ዓ.ም. የጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የከለከለውን የዘር አድልዎ በወሰን ስም ሊፈጽም አይችልም። በተከታዩ ዓመት የቀድሞው ወሰን ተመለሰ። በ1972 ዓ.ም.ም ጆኒ ፎርድ የታስኪጊ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። የ1965 ዓ.ም. የመምረጥ መብት ሕግ እንደ አላባማ ያሉ ግዛቶች የምርጫ ሥርዓታቸውን ከመለወጣቸው በፊት የማዕከላዊውን መንግሥት ፈቃድ እንዲያገኙ አዞ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ የሚጠየቁት ግዛቶች የሚለዩበትን ድንጋጌ ስለሻረው፥ ይህ ጥበቃ ተቋረጠ። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ከሰሜን ካሮላይናና ከሜሪላንድ በቀረቡት ክሶች፥ አንደኛው ካርታ የአንዱ ሁለተኛው የሌላው ፓርቲ ሥራ ሆኖ ሳለ፥ ዳኞቹ 5 ለ4 ተከፍለው፥ ለፓርቲ ጥቅም ተብሎ የሚጣመም ወሰን በማዕከላዊው ፍርድ ቤት የሚዳኝ ጉዳይ አይደለም ብለው ወሰኑ።

አስተውሉ፤ ችግሩ የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ ፍርዶች መካከል ነው። በደቡብ ግዛቶች አብዛኛው ጥቁር ለአንድ ፓርቲ፥ አብዛኛው ነጭ ለሌላው ይመርጣል። እንግዲህ ካርታ ሠሪው ተጠይቆ «ያየሁት ፓርቲን እንጂ ቀለምን አይደለም» ቢል፥ የሰውን ልብ ማን መርምሮ ያውቃል? በ2023 ዓ.ም. ከአላባማ በቀረበው ክስ፥ ከሕዝቡ ከመቶ 27 ያህሉ ጥቁር ሆኖ ሳለ ከሰባቱ ክልሎች ጥቁሮች የሚበዙበት አንድ ብቻ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ለከሳሾች ፈረደ፤ የግዛቱ ምክር ቤት ካርታውን እንደሚገባ ለማስተካከል እንቢ ስላለም ፍርድ ቤቱ በባለሙያ አሠራው። ከጎሚሊየን ክስ 60 ዓመት በኋላ፥ በዚያው ግዛት፥ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ከእናንተ ብዙዎቹ በብዕር ሥራ የምትኖሩ ናችሁ። የታስኪጊን ሕግ ያረቀቀና መስመሩን ያሰመረ ሰው ነበረ፤ ምናልባትም ታዘዝኩ እንጂ እኔ ምን አደረግሁ ብሎ ወደ ቤቱ ሄዶ ይሆናል። ሆኖም የእርሱ እርሳስ 400 ያህል መራጮችን ከከተማቸው አስወጣ። በሌላ በኩል ደግሞ ያንኑ ካርታ ለማስረጃ ዘርግቶ የተሟገተ ጠበቃና እውነቱን አይቶ የፈረደ ዳኛ ተገኙ። ስለዚህ አንድ ወረቀት በፊታችን ሲቀርብ፥ ሥልጣኑ አለን ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። በዚህ መስመር ማን ወደ ውጭ ይቀራል ብሎ መጠየቅም የሕዝብ አገልጋይ ግዴታ ነው።