የብስክሌት ፖሎ ፍሬም፤ ከስብራት የተገኘ ቅርጽ

በ1891 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ከደብሊን ከተማ በስተደቡብ፣ በዊክሎ አውራጃ ስካልፕ በተባለው ሥፍራ አጠገብ፣ ብስክሌት ላይ የወጡ ሁለት ቡድኖች ረጃጅም ዱላ ጨብጠው ኳስ ሲያባርሩ ታዩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጨዋታውን ያፈለቀው ሪቻርድ መክሪዲ የተባለ አየርላንዳዊ ሲሆን፣ እርሱም በዘመኑ ስመ ጥር የብስክሌት ተወዳዳሪ የነበረና “አይሪሽ ሳይክሊስት” የተሰኘውን መጽሔት ያዘጋጅ የነበረ ሰው ነው። የፈረስ ፖሎ የባለጠጎች ጨዋታ ነበር። አንዱ ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ ውስጥ ፈረስ ይለዋውጣል፤ ፈረሱም ጋጣ፣ ቀለብና ባልደራስ ይፈልጋል። ብስክሌት ግን ገለባም ገብስም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሌላ ነገር መሆኑ የታወቀው ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው።

የጨዋታው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በግቦቹ ነው። በ1908 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ ለትርኢት ያህል በቀረበው ግጥሚያ አየርላንድ ጀርመንን 3 ለ 1 ማሸነፏ ሁልጊዜ ይጠቀሳል። ለመሐንዲስ ዓይን ግን ከግቡ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ግጥሚያው ካለቀ በኋላ ሜዳው ዳር ተጋድሞ የሚቀረው ጎባጣ ብስክሌት ነው። የፖሎ ብስክሌት ዛሬ ያለውን መልክ ያገኘው በሥዕል ጠረጴዛ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁንም በተሰበረው ክፍል ላይ ጎንበስ ብለው “ለምን እዚህ ላይ ተሰበረ?” ብለው በጠየቁ ጠጋኞች እጅ ነውና።

ጨዋታው ከዚያ ዘመን አስቀድሞ ሊፈጠር ባልቻለም ነበር። የፊት ጎማው የሰው ደረት በሚደርሰው በጥንቱ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ መሬት ላይ የሚንከባለል ኳስ መምታት አንገትን ለስብራት መስጠት ነው። በ1885 ዓ.ም. ጆን ኬምፕ ስታርሌይ በኮቨንትሪ ከተማ “ሮቨር” የተባለውን ብስክሌት ሠራ፤ ሁለቱ ጎማዎች ተቀራራቢ መጠን ያላቸው፣ የኋላውም በካቴና የሚነዳ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ደንሎፕ የተባለው የእንስሳት ሐኪም በቤልፋስት በአየር የሚነፋውን ጎማ አስገኘ። ወደ 1890 ገደማም ፍሬሙ፣ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ጀርባ ለጀርባ የተጋጠሙ የሚመስለውን፣ እስከ ዛሬ ያልተለወጠውን ቅርጹን ያዘ። እንግዲህ የመክሪዲ ጨዋታ የተወለደው ብስክሌቱ ራሱ ገና የአምስትና የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው ማለት ይቻላል።

በ1897 ዓ.ም. አልፍሬድ ሬይኖልድስ በበርሚንግሃም አንድ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ፈጠራው ውጭው እኩል ሆኖ ሳለ ውስጡ በሁለቱ ጫፍ ወፈር፣ በመካከል ግን ሳሳ ያለ የብረት ቧንቧ ነበር። ብየዳው የሚያርፈውና ጭነቱም የሚበረታው ጫፉ ላይ ስለሆነ ሐሳቡ እጅግ ብልህ ነው። ድርጅቱ በ1935 ዓ.ም. “531” የሚል ስም ሰጥቶ ያወጣው የማንጋኒዝና የሞሊብደነም ብረት ቧንቧም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የእሽቅድምድም ብስክሌት መሥፈሪያ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ እሽቅድምድምና ፖሎ አንድ አይደሉም። ተወዳዳሪ ወደፊት ይጋልባል፤ የፖሎ ተጫዋች ግን ከፊት ለፊቱ ከሚመጣው ጋር ይጋጫል።

በግንባር ግጭት ጊዜ ጎማው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሹካው ይቆለመማል፤ የመሪው ቧንቧ ታችኛው ጫፍም ወደ ኋላ ሊሸሽ ይሞክራል። የላይኛውና የታችኛው ቧንቧ በዚህ ኃይል ተጨምቀው የሚያብጡት መጋጠሚያው ላይ ሳይሆን፣ ከመጋጠሚያው ጥቂት ሳንቲሜትር አለፍ ብሎ፣ ውፍረቱ የሚሳሳበት ቦታ ላይ ነው። ያረጀ የፖሎ ብስክሌት ለመግዛት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ብስክሌቱን ገልብጦ ከመሪው ኋላ የቧንቧዎቹን ሆድ በጣቱ መዳሰስ አለበት። ቀለሙ ተሸብሽቦ ወይም ተሰንጥቆ ካገኘው፣ ሻጩ የሚለው ሁሉ ተረት ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ከሲባጎ በቀር መሣሪያ አይፈልግም። የሲባጎው አንድ ጫፍ የኋላ ጎማ ዘንግ ከሚገባበት ጉጥ ላይ ይታሰርና፣ በመሪው ቧንቧ ዙሪያ ዞሮ ተመልሶ በሌላው ጉጥ ላይ ይወጠራል። ከሲባጎው እስከ ኮርቻው ቧንቧ ያለው ርቀት በግራም በቀኝም እኩል መሆን አለበት። ልዩነት ከተገኘ የኋላው ሦስት ማዕዘን ተጣሟል ማለት ነው። ብረት ከሆነ ያለ እሳት፣ ረጅም ማንሻ ተደግፎ፣ ቀስ በቀስ እየተለካ ወደ ቦታው ይመለሳል። ብረት ሳይሰበር ቅርጹን የመለወጥ ባሕርይ ስላለው ይህን በደል ይቅር ይላል፤ ደጋግሞ ግን አይደለም።

ቧንቧው ራሱ ያበጠ እንደሆነ መለወጥ ግድ ነው። የቆዩት ፍሬሞች ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቧንቧዎቹ እጅጌ በመሰለ መጋጠሚያ ውስጥ ገብተው በናስ የተበየዱ ስለሆኑ፣ እጅጌውን ናሱ እስኪቀልጥ ድረስ አግሎ የተጎዳውን ብቻ መንቀልና አዲስ መተካት ይቻላል። ናስ የሚፈሰው ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው፤ ብር የተቀላቀለበት ማያያዣ ግን ወደ 650 እስከ 700 ዲግሪ ይበቃዋል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስስ ቧንቧ ከመጠን በላይ ከጋለ ቅንጣቶቹ ያድጋሉ፤ ከዚያም ከእጅጌው ከንፈር አጠገብ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወለዳል። ብዙ “የተጠገነ” ብስክሌት በሁለተኛው ግጥሚያ የሚለያየው ጠጋኙ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን እሳቱ ስለበዛበት ነው።

ጨዋታው በብሪታንያ በ1930ዎቹ ደርጅቶ የራሱ ማኅበር ነበረው፤ ሕንድም በ1966 ዓ.ም. የራሷን አቋቁማለች። በሣር ሜዳ ላይ የሚደረገው ይህ ጨዋታ አጠር ያለ ፍሬምና ዝቅተኛ ማርሽ ይዞ ረግቶ ኖረ። ነገሩን የለወጡት በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ፣ በብስክሌት መልእክት የሚያደርሱ ወጣቶች ናቸው። በሥራ መካከል በመኪና ማቆሚያ አስፋልት ላይ ሦስት ለሦስት ሆነው ይጫወቱ ጀመር። ዱላቸውን ከበረዶ መንሸራተቻ ምርኩዝና ከጠንካራ የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ሠሩ፤ ብስክሌታቸውም ያው የሥራ ብስክሌታቸው ነበር።

ያ ብስክሌት ግን ለትራክ እሽቅድምድም የተሠራ ዓይነት ነበርና ለአስፋልቱ ጨዋታ አልተመቸም። ፔዳሉ ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል እንጂ አያርፍም፤ ማርሹም ለፍጥነት የተመረጠ ነው። በፖሎ ደግሞ እግሩ መሬት የነካ ተጫዋች ወደተወሰነው ቦታ ሄዶ በዱላው ነክቶ እስኪመለስ ድረስ ከጨዋታ ውጭ ነው። ስለዚህ ቆሞ ሚዛን መጠበቅና ከቆመበት በድንገት መነሣት ከፍጥነት ይበልጣል። ሒሳቡ ይህን ያሳያል፦ ከፊት 52፣ ከኋላ 14 ጥርስ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት በአንድ የፔዳል ዙር 7.8 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከፊት 32፣ ከኋላ 20 ጥርስ ያለው ባለ 26 ኢንች ጎማ ግን 3.3 ሜትር ብቻ። ሁለተኛው በሕፃን ጉልበት ይነሣል። አንድ እጅ ዱላ ስለያዘም ሁለቱን ፍሬን በአንድ እጀታ የሚስብ ብልሃት ተፈለሰፈ።

በአገራችን ገና የተጫወተ ሰው ዱላው ጥንጉን ስቶ የሚያርፈው የባልንጀራ ቅልጥም ላይ እንደሆነ ያውቃል። በብስክሌት ፖሎ የቅልጥሙን ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚቀበለው የመንኮራኩሩ ሽቦ ነው። ሽቦዎቹን ከመሐል ዘንጉ አግድም አስወጥቶ እርስ በርሳቸው የሚያቆላልፈው ዘዴ በጄምስ ስታርሌይ ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀ ነው። ተጫዋቾች ክብደት ሳይፈሩ 36 ሽቦ ያለውን ቸርኬ የመረጡት፣ አንዱ ቢበጠስ የቀሩት ጭነቱን ተካፍለው ግጥሚያውን ስለሚያስጨርሱ ነው። በኋላም መንኮራኩሩን በፕላስቲክ ክዳን መሸፈን ተለመደ፤ ክዳኑ ሽቦውን ከዱላ ይጠብቃል፣ ኳስም ያግዳል።

ጨዋታው ሲስፋፋ የመጣው ትልቁ ክርክር የአሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት ሲሶ ያህል ነው፤ ግትርነቱም እንዲሁ ሲሶ ስለሆነ ቧንቧው ወፍሮ መሠራት አለበት። ይህ ባልከፋ ነበር። ችግሩ ብየዳው ላይ ነው። ለብስክሌት የሚሠራበት የተለመደው ቅይጥ ከተበየደ በኋላ ጥንካሬውን የሚመልሰው ወደ 530 ዲግሪ ግሎ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ እንደገና ለሰዓታት ለስ ባለ ሙቀት ሲቆይ ነው። ፋብሪካ ይህን የሚያደርግበት እቶን አለው፤ የሰፈር ጠጋኝ ግን የለውም። ደግሞም ብረት ከተወሰነ ጭነት በታች የፈለገውን ያህል ቢመላለስበት ሊዝል አይችልም፤ አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ወሰን የለውም፣ ትንሹንም ምት እየቆጠረ ያከማቻል። ከአሉሚኒየም የሚሠሩ የፖሎ ፍሬሞች አሉ፤ ቀላልም ናቸው። ነገር ግን በየሳምንቱ ለሚጋጭ ተጫዋች፣ አዲስ ፍሬም የመግዛት አቅም ከሌለው፣ ይህ ምርጫ የተሳሳተ ነው።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ለፖሎ ብቻ ተብለው ከተሠሩት ፍሬሞች ውስጥ ብዙዎቹ ከክሮም ሞሊብደነም ብረት የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። የጎማ ርቀታቸው አጭር ነው፤ የታችኛው ቧንቧቸውም ከለመድነው ወፈር ይላል። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ከመሪው ኋላ፣ ያ የድሮው እብጠት ይወጣበት በነበረው ሥፍራ፣ ከቧንቧው ሆድ ጋር የተበየደች ትንሽ የላሜራ ድጋፍ ትታያለች።