ስንጥሩ የቱ ጋ ነው?

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይላል ያገራችን ሰው። ልጁን ችፌ ወይም ኤግዚማ ያስቸገረው የከተማ ወላጅ ዛሬ የሚጠረጥረው ግን ገንፎውን አይደለም፤ ባለቀለሙን ከረሜላና የታሸገውን ጭማቂ ነው። መጠርጠሩስ ደግ። ለመሆኑ ጥርጣሬው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዛዊው ዊሊያም ፐርኪን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በተገኘ ነገር ሐምራዊ ቀለም ሠራ። በ1884 ደግሞ ታርትራዚን የሚባለው ቢጫ ተገኘ። ጨርቅ የሚነከርበት ቀለም ውሎ አድሮ ከማዕድ ቀረበ፤ መድኃኒት ቤትም ገባ። በ1959 አሜሪካዊው ሐኪም ስቲቨን ሎኪ፣ ይኸው ቢጫ በአንዳንድ ሕመምተኞች ላይ አለርጂ ማስነሳቱን ጻፈ። ጉዱ፣ ቀለሙ የተገኘው አለርጂን ለማስታገስ ጭምር በሚታዘዙ የስቴሮይድ ክኒኖች ውስጥ ነበር!

እንግዲህ ወሬው ከዚያ ወዲያ ተዛመተ። ግን ድንገት ወጥቶ በሰዓታት ውስጥ የሚከስም ሽፍታ ሌላ፣ ወራት ሙሉ ሲያሳክክ የሚከርም ችፌ ሌላ። ሁለቱን አንድ ላይ መክሰስ ፍርድ ያዛባል።

በ1978 ለንደን ውስጥ ዴቪድ አተርተንና ባልደረቦቹ ችፌ ያለባቸውን ሕፃናት ፈተሹ። ልጁ እንቁላልና የላም ወተት የተወበት ጊዜ የትኛው እንደሆነ መርማሪውም ቤተሰቡም እንዳያውቁ ተደረገ። ሙከራውን ከጨረሱት 20 ልጆች 14ቱ ሁለቱን ሲተዉ ይበልጥ ተሻላቸው። ተከሳሹ ቀለም ሳይሆን፣ እናት «ብላ፣ ጠጣ» የምትለው ምግብ ሆኖ አረፈው።

ታዲያ ቀለሙና ማቆያው ነጻ ናቸው? ሙሉ በሙሉ አይደሉም። በኋላ በተመሳሳይ መንገድ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ጥቂት ሕመምተኞች ችፌያቸው ብሶባቸዋል፤ አብዛኞቹን ግን ምንም አላደረጋቸውም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ በታርትራዚን ላይ ያስለጠፈው ማስጠንቀቂያም ስለ ልጆች ጠባይ እንጂ ስለ ችፌ አያወራም።

ከረሜላ ቢቀርበት ልጅ አይጎዳም። የሚያስፈራው፣ የለንደኑን ወሬ በጎን ሰምተን እንቁላሉንም ወተቱንም ባንዴ ስንነፍገው ነው። የማይጎዳውን ምግብ ለረጅም ጊዜ ያስተዉት ልጅ ሰውነቱ ይከሳል፤ ይባስ ብሎ ምግቡን እንደገና ሲቀምስ ብርቱ አለርጂ ሊነሳበት ይችላል። ስለዚህ ቆዳው በቅባት ይለስልስ፣ የታዘዘለት መድኃኒት በደንብ ይቀባ። ጥርጣሬው ካልለቀቀን አንዱን ምግብ ብቻ፣ ለተወሰነ ሳምንት፣ ከሐኪም ጋር ተመካክረን እናቁም፤ ከዚያም በሐኪሙ ፊት መልሰን እንሞክረው። መጠርጠር ያባት ነው፤ ስንጥር ፍለጋ ገንፎውን መድፋት ግን ልጁን ጦም ማሳደር ነው።