እጅና ቀለም በአራዳ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደኅንነት፣ ጥረትና የተግባር ትምህርት

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚሸምነውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ መሳደብ ተከለከለ። ዛሬ አዋጁን ለሚያስታውስ ሰው የሚያስገርመው ጸሐፊው ከብረት ሠሪው ጋር በአንድ ረድፍ መቆሙ ነው። ሁለቱም በእጃቸው ሥራ የሚያድሩ፣ በሚያውቁት ነገር የሚፈሩና በዚያው ልክ የሚናቁ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዘመን በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተከፈተው ትምህርት ቤት ግን ከተናቁት ባለ እጆች መካከል ባለ ብዕሩን ብቻ አንሥቶ ከፍ አደረገው። ብረት ሠሪውና ሸማኔው ባሉበት ቀሩ። በአዲስ አበባ አራዳ ክፍለ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዛሬ የሚታየው የፈተና ጭንቀት፣ ፍሬ የማይታይበት ጥረትና የቤተ ሙከራ ባይተዋርነት ከዚህ መለያየት የመነጨ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ መምህራን ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ሲሆኑ ዳይሬክተሩም ሐና ሳሊብ ይባሉ ነበር። ትምህርቱ በአብዛኛው ቋንቋ ነው፤ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛ፣ ጣልያንኛ፣ አማርኛና ግእዝ፣ ከዚያም ሒሳብና ጥቂት ሳይንስ። መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ ይፈልግ ስለነበር ምርጫው የሚያስወቅስ አይደለም። በ1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ያስከፈቱትና ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በበላይነት የመሩት ትምህርት ቤትም በዚሁ ፈር ሄደ። ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ባለ እጆች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ነበር። እዚያ ልጅ ሙያውን የሚማረው ከአባቱ ጎን ተቀምጦ፣ እያበላሸና እያቃና ነው። ለዚያ ዕውቀት ግን የሚሰጥ ወረቀት አልነበረም። ቀለም የቆጠረው ቢሮ ይገባል፣ እጁ የሠለጠነው ሰፈሩ ይውላል፤ ሁለቱ ትምህርቶች በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ ሆነው ሳይተዋወቁ መቶ ዓመት አለፈ።

ማገናኘት አልተሞከረም ማለት አይቻልም። በ1934 ዓ.ም. የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1950ዎቹ ደግሞ የእንጨትና የብረት ሥራ፣ ንግድ፣ የቤት አያያዝና እርሻ ከቀለሙ ጋር አብረው የሚሰጡባቸው «አጠቃላይ» ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጡ። ይህ አሳብ በኔ ግምት ከሁሉም የተሻለው ነበር፤ የፊዚክስ ተማሪውንና የብየዳ ተማሪውን አንድ ሰው ስላደረገው። ይሁን እንጂ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ማትሪክ የሚመዝነው ቀለሙን ብቻ ስለነበር፣ ተማሪና ወላጅ ወርክሾፑን እንደ ትርፍ ቢቆጥሩት አይፈረድባቸውም።

በ1966 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ለዛሬ ክርክራችን ትልቅ ትምህርት አለው። «ሴክተር ሪቪው» በሚል ስም የሚታወቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ ብዙኃኑ ሕፃናት አጭርና ለኑሮ የሚጠቅም ተግባር ተኮር ትምህርት አግኝተው፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚያልፉት ቁጥር እንዲገደብ ሐሳብ አቀረበ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከሀገሪቱ አቅም ጋር የተመዘነ ነበር። መምህራንና ወላጆች ግን ወዲያው ገባቸው፤ ማረሻና መዶሻው ለድኻ ልጅ፣ ብዕሩ ለባለጸጋ ልጅ ሊደለደል ነው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የተጀመረው የመምህራን የሥራ ማቆም አድማ አብዮቱን ካቀጣጠሉት ክስተቶች አንዱ ሆነ፤ መንግሥትም ጥናቱን ወደ ጎን ለማድረግ ተገደደ። ተቃውሞው የእጅ ሥራን የሚንቅ ሕዝብ ተቃውሞ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሕዝቡ የተቃወመው የእጅ ሥራ ለልጁ የማዕረግ ማጠፊያ ሆኖ በመቅረቡ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት ይህን ትርጉም አላፈረሱትም። ደርግ ትምህርትን ከምርት ጋር አጣምራለሁ ብሎ ፖሊቴክኒክ የተባለውን ዘይቤ አወጀ፤ ከመፈክሩ የዘለለ መሣሪያና የሠለጠነ መምህር ግን ወደ ብዙዎቹ ክፍሎች አልደረሰም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሙያን ከአጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ አውጥቶ ለብቻው ተቋም ሰጠው፤ በአሥረኛ ክፍል ፈተና ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላክ ነበር። ከዚህ በኋላ «ቴክኒክ ገባ» የሚለው ወሬ በሰፈር ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ራሱ ከአብዮቱ በኋላ እንጦጦ ተብሎ በመጨረሻ የፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ግቢ ሆኗል፤ ለውጡን እንደ ሹመት የቆጠረለት ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ጥረት በአንድ መስፈሪያ

አሁን ወዳለንበት እንምጣ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመላ ሀገሪቱ በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። አዲስ አበባ ከሀገር አቀፉ አማካይ የተሻለች ብትሆንም የፍርሃቱ ልክ ያው ነው። ኩረጃን ለማስቆም የተወሰደው እርምጃ ተገቢ ነበር፤ የቀድሞው ውጤት ምን ያህል ባዶ እንደነበረም አሳይቷል። ሆኖም ቁጥሩ ለአንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የሚነግረው ሌላ ነገር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ የሚጠብቀው መስፈሪያ አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ መስፈሪያ ደግሞ ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ጎድለው ይገኛሉ።

ልጆቹ አይጥሩም የሚለው ክስ አራዳን ለሚያውቅ ሰው አይዋጥም። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በፈተና ሰሞን ማየት ይበቃል፤ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ወንበር ለማግኘት በጠዋት ይሰለፋሉ። ጥረት ሞልቷል። የጎደለው ጥረቱ የሚያርፍበት ነገር ነው። ፈተናው በሙሉ ምርጫ እንደመሆኑ ከሁሉ ቶሎ የሚያዋጣው ዘዴ ሽምደዳ ነው፤ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን መሰብሰብ፣ ሾርት ኖት መገልበጥ፣ የፊዚክስ ቀመር ከነምልክቱ በቃል መያዝ። ተማሪው አምስት ሰዓት አጥንቶ ሲነሣ ሠራሁት ብሎ የሚያሳየው ነገር የለውም። ድካሙ ትርጉም ማግኘት አለማግኘቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ስልክ ላይ በሚመጣ ቁጥር ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የሰው ልጅ ተነሣሽነት ሦስት ነገር ይፈልጋል ይላሉ፤ በራስ ፈቃድ መሥራት፣ እችላለሁ የሚል ስሜትና ከሌሎች ጋር መተሳሰር። ሽምደዳ ሦስቱንም ያስርባል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (OECD) እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው ፒዛ (PISA) የተባለ የተማሪዎች ምዘና፣ በአባል ሀገራቱ 55 በመቶ የሚሆኑ የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪዎች በደንብ ተዘጋጅተው እንኳ በፈተና ወቅት እጅግ እንደሚጨነቁ ተናግረዋል። ኢትዮጵያ በዚህ ምዘና ስላልተካፈለች ቁጥሩን ወደ አራዳ መገልበጥ አይቻልም። ግን እዚያ አንድ ፈተና የወደቀ ልጅ ሌላ ብዙ በር አለው፤ እዚህ በሩ ጠባብ ነው፤ ጭንቀቱ ያንሳል ብሎ የሚገምት ካለ ምክንያቱን ማምጣት ያለበት እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገልጻል፤ ሃምሳ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ይህ ሰባት ልጅ ማለት ነው።

ምሳና መንገድ

የተማሪ ደኅንነት ከምክር አገልግሎት ቢሮ በፊት በሆድና በእግር ይጀምራል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በስፋት የሚያካሂደው የምገባ መርሐ ግብር የቅድመ አንደኛና የአንደኛ ደረጃ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎችን የሚመለከት ነው። በረከቱን የሚክድ የለም። ዘጠነኛ ክፍል የገባው ልጅ ግን፣ ሰውነቱ በጣም በሚያድግበትና ትምህርቱ በሚከብድበት ዓመት፣ ያንን ምሳ ያጣል። ትናንት ይመገብ የነበረው ያው ልጅ ነው፤ የእናቱ ገቢ በክረምቱ አልጨመረም።

መንገዱ ደግሞ የ2016 ዓ.ም. ታሪክ ነው። ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ ሰፈሮች በዚያ ዓመት ለኮሪደር ልማት የፈረሱት በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት፣ ትምህርቱ ሳያልቅ ነበር፤ ነዋሪዎችም ወደ ለሚ ኩራ፣ አቃቂ ቃሊቲና ሌሎች ዳር ያሉ ክፍለ ከተሞች ተዛወሩ። ስለ ኮሪደር ልማቱ ጥቅምና ጉዳት ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ የሚያገባን ትምህርት ቤት ነው። ከፒያሳ ለወጣ ቤተሰብ ሁለት ምርጫ ነበር፤ ልጁን በዓመቱ መሃል ማዛወር ወይም በየማለዳው ታክሲ ጥበቃ ማሰለፍ። አብሮ የሚያጠናው የጎረቤት ልጅ፣ ደብተር የሚያውሰው፣ ሲዘገይ የምትጠይቀው የሰፈር እናት በአንድ ሰሞን ተበታተኑ። ከላይ የተባለው መተሳሰር በአራዳ የሚመነጨው ከሰፈር ስለነበር፣ ትምህርት ቤቱ ያንን ለመተካት ሳይዘጋጅ ሸክሙ ወደቀበት። ይህን በቤተ ሙከራ ብዛት እናክመዋለን ማለት ቀልድ ነው፤ ምሳና ትራንስፖርት የራሳቸው መልስ ይፈልጋሉ።

እጅ ምን ያስተምራል?

የተግባር ትምህርት ወዳጆች አንዳንዴ ከማስረጃው ቀድመው ይሮጣሉ። ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በ225 ጥናቶች ላይ ባደረጉት ትንተና፣ ንቁ ተሳትፎ ባለበት የሳይንስ ክፍል የሚወድቁት 21.8 በመቶ ሲሆኑ ገለጻ ብቻ በሚደመጥበት 33.8 በመቶ መሆናቸውን አግኝተዋል፤ ጥናቱ ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚመለከት ነው። በሌላ በኩል ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 መሠረቱን ያልያዘ ተማሪ ያለ መሪ ራሱ ያግኘው ተብሎ ሲለቀቅ ብዙ እንደማይማር ተከራክረዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ለሚያነብ ሰው የሚወጣው ቁም ነገር ግልጽ ነው። እጅ የሚያስተምረው አጠገቡ የሚያርም ባለሙያ ሲኖር ነው። በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ የገባው የፕላዝማ ትምህርት ሁለቱንም አጣ፤ ሙከራው በቴሌቪዥን ታየ፣ መምህሩ ከጎን ቆመ፣ የተማሪው እጅ ደብተሩ ላይ ቀረ።

አጠገቡ የሚያርም ባለሙያ በአራዳ ሞልቷል። የፒያሳን ወርቅ ቤቶች እንውሰድ። አሥራ ስምንት ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ፣ 6ቱ መዳብና ብር ማለት ነው፤ 75 በመቶ። አንጥረኛው ይህን በቃል አያውቀውም ቢባል እንኳ በሚዛኑ ያውቀዋል። አንድ ተማሪ 24 ካራት የሆነ 30 ግራም ወርቅ ወደ 18 ካራት ለማውረድ ስንት ግራም ቅይጥ እንደሚጨመር ቢጠየቅ፣ መልሱ 10 ግራም ነው፤ ይህንን ጥያቄ ክፍል ውስጥ የሚፈራው ልጅ፣ ቢሳሳት ወርቅ የሚበላሽበት ቦታ ላይ ሲቀመጥ፣ ሬሾ ምን እንደሆነ አይረሳም። የወርቅ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 19.3 ግራም፣ የመዳብ 8.96 በመሆኑ ቀለበትን ውኃ ውስጥ ነክሮ ንጽሕናውን መገመት የአርኪሜድስን ሕግ በእጅ መያዝ ነው። ናይትሪክ አሲድ በመፈተኛ ድንጋይ ላይ መዳቡን በልቶ ወርቁን ሲተው የሚታየው ኬሚስትሪ ነው። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት፣ የአራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲና የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ፣ የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሁሉ ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሀብት በአንድ አካባቢ ያላት ሌላ ክፍለ ከተማ አላውቅም።

ከዚህ ለደኅንነት የሚገኘው ጥቅም መዝናናት አይደለም። ብዙ ጊዜ የተግባር ትምህርት ለደከሙ ልጆች ማረፊያ፣ ለሰነፎች ማጽናኛ ተደርጎ ይቀርባል፤ ያ የ1966ቱን ስድብ በለሰለሰ ቋንቋ መድገም ነው። እጅ የሚሠራው ነገር ስሕተቱን ወዲያው፣ ያለ ነቀፋ ያሳያል። የተሰበረው ሽቦ ተማሪውን በስም ጠርቶ በክፍሉ ፊት አያዋርደውም፤ እንደገና ሞክር ይለዋል። ከዚያ የሚመጣው እችላለሁ የሚል ስሜት ለፈተናውም ይተርፋል።

መቃወሚያው ይታወቃል። ሥርዓተ ትምህርቱ እየተሻሻለ ነው፣ የሙያና ቴክኒክ ትምህርትም ገብቷል ይባላል። ትክክል ነው፤ ነገር ግን የመግቢያው ፈተና የማይመዝነውን ትምህርት ተማሪ እንደማይቆጥረው የ1950ዎቹ ወርክሾፖች አስቀድመው አስረድተውናል። በጎረቤታችን ኬንያ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እያንዳንዳቸው የተግባር ወረቀት አላቸው። ለእኛም በሳይንስ ትምህርቶች ከጠቅላላው ነጥብ አንድ አምስተኛው ለተግባር ቢሰጥ፣ ቤተ ሙከራዎቹ ያለ ትእዛዝ ይከፈታሉ። ኩረጃ ይመለሳል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ለዚህም መምህሩ የራሱን ተማሪ እንዳይመዝን፣ ፈተናው ተፈታኞቹ ቀድሞውኑ በሚሄዱባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ ሙከራ እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል።

ለአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮና ለአራዳ ክፍለ ከተማ ያለኝ ጥያቄ ከዚህ ያነሰ ነው፤ የፈተናው ሥርዓት እስኪለወጥ የትምህርት ሚኒስቴርን ውሳኔ መጠበቅ አያሻቸውም። የምሳውን መርሐ ግብር ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ያድርሱ። ከፒያሳ ወጥተው እየተመላለሱ ለሚማሩት መጓጓዣ ይመድቡ። ከወርቅ ቤቶቹና ከማተሚያ ቤቱ ጋር ተፈራርመው፣ ጥሩ ውጤት ያለውም የሌለውም ተማሪ በእኩል ዕጣ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት ከባለሙያ ጎን የሚቀመጥበትን መንገድ ይክፈቱ፤ ባለሙያውም የመምህር አበል ይከፈለው።