በጥገና መሣሪያዎች ላይ የሚለጠፍ መለያ ኮድ እና አጠቃቀሙ

በጄኔሬተር፣ በውኃ ፓምፕ፣ በብየዳ ማሽን፣ በመሰላል እና በመሳሰሉት የመንግሥት ንብረቶች ላይ የሚለጠፈው ጥቁርና ነጭ ምልክት ኪውአር ኮድ ይባላል። በ1994 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ዴንሶ ኩባንያ መሐንዲሶች የፈለሰፉት ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዓላማውም ዛሬ እንደተለመደው ክፍያ መፈጸም ሳይሆን የመኪና መለዋወጫዎችን መከታተል ነበር።

ኮዱ መሣሪያው የት እንዳለ በራሱ አያመለክትም። በአብዛኛው የሚይዘው የንብረት መለያ ቁጥሩን ነው፤ መሣሪያው መቼ እንደተፈተሸና በማን እጅ እንደሚገኝ የሚታወቀው ከንብረት መዝገቡ ነው። በመሆኑም ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላው በውሰት የተላለፈ ፓምፕ ርክክቡ በዕለቱ ካልተመዘገበ፣ መለያ ቢኖረውም እንደጠፋ ይቆጠራል፤ ጥገና የሚጠባበቀው ነዋሪም ሳይስተናገድ ይቆያል።

የካ ክፍለ ከተማ ከሾላ ገበያ አካባቢ እስከ እንጦጦ ተዳፋት የሚዘልቅ በመሆኑ የመለያው ጥንካሬም ሊታሰብበት ይገባል። ከፍተኛ የስህተት ማረሚያ ያለው ኮድ 30 በመቶ ገደማው ቢጎዳም ይነበባል። የክረምት ዝናብ ልጦ የጣለው ወረቀት ግን አይነበብም፤ ከቤት ውጭ ለሚውል መሣሪያ በብረት ላይ የተቀረጸ መለያ ይመረጣል።

በአካባቢዎ የተተከለ ፓምፕ ወይም ጄኔሬተር መበላሸቱን ሲያመለክቱ ከኮዱ ሥር የተጻፈውን ቁጥር ይጥቀሱ። ቁጥሩን ለማንበብ ኔትወርክ አያስፈልግም፤ ለጥገና ባለሙያውም “ከዛፉ አጠገብ ያለው” ከሚል ጥቆማ የተሻለ ነው። ኮዱን በስልክዎ ሲያነቡ ክፍያ ወይም የባንክ የይለፍ ቃል ከተጠየቁ፣ በትክክለኛው መለያ ላይ የተደረበ ሐሰተኛ ኮድ ሊሆን ስለሚችል አይቀጥሉ፤ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።