የኢትዮጵያ መንግሥት በእስራኤልና በዓረቦች ጠብ ስለ ያዘው አቋም የሚናገር ታሪክ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ በ18ኛው ዓመት፣ ኅዳር 19 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የፍልስጥኤምን ምድር ለአይሁድና ለዓረብ ለመክፈል ድምፅ ሰጠ። 33 መንግሥታት ይሁን አሉ፤ 13 እንቢ አሉ፤ 10 ድምፃቸውን ከለከሉ። ኢትዮጵያም ድምፅ ከከለከሉት አንዷ ነበረች። ግንቦት 3 ቀን 1941 ዓ.ም. እስራኤል ወደ ተባበሩት መንግሥታት ማኅበር ልትገባ ስትጠይቅ ደግሞ እንቢ ካሉት 12 መንግሥታት አንዷ ሆነች።

የነገሥታቱን ዘር ከሰሎሞን የሚቈጥር፣ ንጉሠ ነገሥቱም በ1928 ዓ.ም. ከጠላት ፊት ሲሰደዱ አስቀድመው ኢየሩሳሌም የገቡ መንግሥት ይህን ማድረጉ ብዙዎችን አስደንቋል። ነገር ግን በዚያ ዘመን የጃንሆይ ሐሳብ ሁሉ ኤርትራ ላይ ነበረ። የጣልያን ቅኝ ግዛቶች ዕጣ በዚያው ጉባኤ ይወሰን ነበርና፣ ድምፅ ያላቸውን ዓረቦች ማስቀየም የባሕር በርን ማጣት ይመስል ነበር። እኔ በዚህ አልፈርድባቸውም።

ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ ነገሩ ተገላበጠ። ከካይሮ የሚነሣው የዓረብነት ጥሪ በቀይ ባሕር ዳር ሲሰማ፣ እስራኤልም በዙሪያዋ ወዳጅ ስትፈልግ፣ ሁለቱ ተቀራረቡ። በ1954 ዓ.ም. መንግሥቱ ለእስራኤል ሙሉ ዕውቅና ሰጠ። የእስራኤል መኰንኖች ጦሩንና ፖሊሱን አሠለጠኑ፤ መምህራኖቿም በዩኒቨርሲቲው አስተማሩ።

ከ1959ኙ የስድስት ቀን ጦርነት በኋላ ኢትዮጵያ የጸጥታው ምክር ቤት አባል ነበረች፤ መልእክተኛዋም ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ነበሩ። ኅዳር 12 ቀን 1960 ዓ.ም. ምክር ቤቱ 242 ቍጥር የተባለውን ውሳኔ በአንድ ድምፅ ሲያጸድቅ እርሳቸውም እጃቸውን አነሡ። ውሳኔው እስራኤል በጦርነቱ ከያዘችው ምድር ጦሯ እንዲወጣ፣ በዚያ ያሉ አገሮች ሁሉ በሰላም እንዲኖሩ፣ የስደተኞቹም ጉዳይ ፍትሕ እንዲያገኝ ይላል። ቤቱን ያጣው የፍልስጥኤም ሕዝብ በዚያ ጽሑፍ በስሙ እንኳ አልተጠራም፤ ይህን ባሰብሁ ቍጥር አዝናለሁ።

በኢየሩሳሌም ስላለው ስለ ዴር ሡልጣን ገዳም ግን ሳይነገር አይታለፍም። የእኛ መነኮሳት በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በጠባብ የጭቃ ጎጆ ይኖራሉ። መውጫና መግቢያቸው በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ጸሎት በኩል ሲሆን፣ ቍልፉ በግብጻውያን ቅብጦች እጅ ነበረ። በ1953 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ስፍራውን ይገዛ የነበረው የዮርዳኖስ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን ፈርዶ ብዙም ሳይቆይ ፍርዱን መልሶ ወሰደ። ከተማዪቱ በእስራኤል እጅ ከገባች በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት፣ ቅብጦቹ ከታች በጸሎት ሳሉ የበሮቹ ቍልፍ ተለወጠ፤ ሲነጋም መነኮሳቱ ባለቍልፍ ሆነው ተገኙ። የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1963 ዓ.ም. ቍልፉ ለቅብጦች ይመለስ ብሎ ቢፈርድም መንግሥቱ ፍርዱን ሳይፈጽም ቀረ። ግብጽ ጠላቱ፣ ኢትዮጵያ ወዳጁ ነበረችና።

በግንቦት 1965 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት 10ኛ ዓመቱን በአዲስ አበባ ሲያከብር፣ የሊቢያው ሙዐመር ቃዛፊ ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር ስላላት ወዳጅነት የድርጅቱ መቀመጫ ከዚህ ይነሣ አሉ። ጃንሆይ የደከሙበት ያ ቤት ነበረ። መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም. በእስራኤልና በዓረቦች መካከል ጦርነት ተነሣ፤ የአፍሪካ መንግሥታትም ተራ በተራ ከእስራኤል ተለዩ። ጥቅምት 13 ቀን፣ ጃንሆይ በነገሡ በ43ኛው ዓመት፣ ኢትዮጵያም እስራኤል በጦር ከያዘችው ምድር እስክትወጣ ድረስ ግንኙነቷን አቋረጠች።

ከዚህ የተገኘው ጥቅም ጥቂት ነበረ። የዓረብ መንግሥታት ለኤርትራ ሸማቂዎች የሚያደርጉትን ርዳታ አልተዉም። ዓመት ሳይሞላም፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከእስራኤል ጋር የተቋረጠው ግንኙነት የታደሰው በደርግ መንግሥት፣ በጥቅምት 1982 ዓ.ም. ነው።