የጂቡቲ የባሕር አየርና የሐዲዱ ዝገት

በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተቆረቆረችው የጂቡቲ ከተማ በኢትዮጵያ ታሪክ የምትነሣው በወደቧና በምድር ባቡሯ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በመጋቢት ወር 1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ፥ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ስለዚህ ሥራ ሲነገር የበረሓው ሙቀት፥ የገንዘቡ እጥረትና የመንግሥታቱ ክርክር ይወሳሉ። ድምፅ የሌለው ባላጋራ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ እርሱም ዝገት ነው።

ከባሕር የሚነፍሰው አየር ርጥበትንና ጨውን ተሸክሞ ይመጣል። ጨው ለደጋው ሰው አሞሌ ተብሎ የገንዘብ ያህል ይከበር ነበር፤ ለብረት ግን ጠላት ነው። በብረቱ ገጽ ላይ ያረፈው ጨው ርጥበትን ይስባል፤ ጨዋማው ውሃም ኤሌክትሪክን በደኅና ስለሚያስተላልፍ ብረትና ኦክሲጅን የሚዋሐዱበትን ሥራ ያፋጥናል።

የዚህ ነገር ምሥጢር የተገለጠው ከሐዲዱ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ላቮዋዚዬ፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770ዎቹ፥ ማዕድንን በታሸገ ዕቃ ውስጥ አግሎ ቢመዝነው፥ የጠቅላላው ክብደት ሳይለወጥ ማዕድኑ ከአየሩ ከፊሉን ወስዶ ከብዶ ተገኘ። ዝገትም እንዲሁ የብረትና የአየር ውሕደት ነው። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ግን ጥብቅ ስለሆነ የውስጡን ይጠብቃል፤ የብረት ዝገት እየተቀረፈ ስለሚወድቅ አዲስ ገጽ ለአየር ያጋልጣል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ የሚቀባውም ስለዚህ ነው።

በ1969 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የመሥመሩ ድልድዮች ቢፈርሱ፥ ጥፋቱ ለሁሉ ስለታየ ተጠግነው ባቡሩ እንደገና ተመላለሰ። የዝገት ጥፋት ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስለሆነ ዐዋጅ አይነገርለትም። ባቡር የሚመላለስበት ሐዲድ ራሱ በመንኰራኵሩ እየተፋቀ ያበራል፤ ሥራ የፈታው ሐዲድ ግን ይቀላል። አሮጌው መሥመር አገልግሎቱን ያቆመው በዝገት ብቻ አይደለም፤ እርጅናና የጥገና ጉድለትም አብረው ሠርተዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድም በጂቡቲ በኩል ለዚያው የባሕር አየር የተጋለጠ ነው።

ይህ ሕግ በአዲሱ ሳይንስም ውስጥ ይሠራል። በ2001 ዓ.ም. የፊዚክስ ሊቃውንት ከቢስሙት ጋር ሴሌኒየም ወይም ቴሉሪየም የተዋሐዱባቸው ክሪስታሎች በውስጣቸው ኤሌክትሪክን የሚከለክሉ፥ በገጻቸው ግን የሚያስተላልፉ መሆናቸውን አስታወቁ። እነዚህ ክሪስታሎች እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተነባበሩ ናቸው፤ የአንዱ ንብርብር ውፍረት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ሲሆን፥ በውስጡ አምስት የአቶም ረድፎች አሉ። አየር ሲያገኛቸው ኦክሲጅን የላይኞቹን ንብርብሮች ይለውጣል። በወፍራም ሐዲድ ላይ እንዲህ ያለ ቀጭን ለውጥ ከቁም ነገር አይቈጠርም፤ በእነርሱ ላይ ግን የሚፈለገው ጠባይ ያለው በገጹ ስለሆነ ብርቱ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ያኖሯቸዋል፤ ወይም በሌላ ነገር ይሸፍኗቸዋል።

እንግዲህ ሐዲድን የሠሩ ሰዎች ስም በታሪክ ሲጻፍ፥ ዘይትና ቀለም ይዘው ገጹን የጠበቁት ሠራተኞች ሊረሱ አይገባም። የታሪክ መምህር ስለ መሥመሩ መከፈት ሲያስተምር፥ የኬሚስትሪ መምህር የዛገ ምስማር ይዞ ቢቀርብ፥ ተማሪዎች ማቅናት ያለ መጠበቅ ከንቱ መሆኑን ከአንድ ትምህርት ያገኙታል።